ዱፍ ያለው ግንድ

ልጆች፣ ተጠጉና ተቀመጡ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። አጠገባችሁ ያለውን እንጨት በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። አንተ በርጩማው ላይ ያለኸው፣ አንቺ ግንዱ ላይ ያለሽው፣ አንተም መቃኑን የተደገፍኸው። ሰማችሁ? ሦስቱም አንድ ዓይነት አይጮኹም። ይህን ድምፅ በጆሯችሁ ያዙልኝ። መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ስቸኩል አንዳንድ ነገር እዘልላለሁ፤ ይህ ደግሞ አንድም ነገር ሊዘለል የማይገባው ተረት ነው።

በድሮ ዘመን፣ ሰው ዛፍን ከስሙ ይልቅ በድምፁ በሚያውቅበት ዘመን፣ ዝንጀሮ ውሃ በሚባል ወንዝ ዳር አንድ መንደር ነበረ። በዚያ መንደር ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንዱ አያ ቢያድግልኝ ነው። አናጢ ነው፣ እጁ የተባረከ ነው፣ ግን ሰው ማስቀየም ይፈራል። ሁለተኛው ጓንጉል ነው። እንጨት ቆራጭ ነው፣ አፉ ማር ነው፣ ግን ሰነፍ ነው። ሦስተኛዋ የጓንጉል ሚስት ይርገዱ ናት። እሷ ደግ ናት። የእሷን ሌላ ጠባይ አልነግራችሁም፤ ሌላ አልነበራትምና።

አያ ቢያድግልኝ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ግማሹን እርጅና፣ ግማሹን የእንጨት ብናኝ ወሰደበት። ነገር ግን ዛፍ ለማወቅ ዓይን አያስፈልገውም ነበር። ገና ዓይኑ ሳለ፣ ልጁ ማንጠግቦሽ ትንሽ ሳለች፣ ጫካ ለጫካ ይዟት እየዞረ ያስተምራት ነበር።

እንዲህ ይላት ነበር፦ «ዛፍ ሁለት ወገን ነው፤ ጠንካራ አለ፣ ለስላሳ አለ። ጠንካራው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ለስላሳው ይቸኩላል። ጠንካራው ይከብዳል፣ ለስላሳው ይቀላል። ጠንካራው ጥፍርሽን ይመልሰዋል፣ ለስላሳው ይቀበለዋል። ግን ዓይንም ይታለላል፣ ክብደትም ይታለላል፣ ጥፍርም ይታለላል። የማይታለለው ጆሮ ነው።»

ከዚያ በመጥረቢያው ጀርባ ወይራውን ያንኳኳል። ቃ ይላል።

ጥዱን ያንኳኳል። ቆ ይላል።

ቆርቹን ያንኳኳል። ዱፍ ይላል።

ቆርችን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ግንዱ እሾህ አለው፣ አበባው ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ውስጡ ግን ነጭና ቡሽ የመሰለ ነው።

ማንጠግቦሽ ጠያቂ ልጅ ነበረች። ጥድ ከየትኛው ወገን ነው ብላ ጠየቀችው። አባቷም ጥድ ቅጠሉ ደቃቅ እንደ ሆነ፣ ለመጥረቢያ ለስላሳ እንደ ሆነ፣ ሲፈልጡት በቀላሉ እንደሚሰነጠቅ፣ ግን ምስጥ እንደማይደፍረው ነገራት። ለስላሳ ሁሉ ደካማ አይደለም አላት።

«ቆርችስ፣ አባዬ? ክፉ ነው?»

«ቆርች ምን አደረገ? አበባውን ንብ ትወደዋለች። ቅርንጫፉን ብትተክይው በቅሎ አጥር ይሆንሻል። ለሕፃን መቀመጫ ብትጠርቢው ሕፃኑ ራሱ ያነሳዋል። ብቻ ሸክም አታሸክሚው። ሸክም ያሸከመው ሰው ነው ክፉው።»

እንዲህ ነበር የሚያስተምራት።

የማንጠግቦሽ እናት የሞተችው ልጅቱ ገና ስትድህ ነው። ያሳደገቻት ይርገዱ ናት፤ የክርስትና እናቷ ስለሆነች። ይርገዱ የራሷ ልጅ አልነበራትም። አዝላ አሳደገቻት፣ ጸጉሯን ሠራቻት፣ ስትዳርም አልቅሳ ሸኘቻት። ስለዚህ አያ ቢያድግልኝና የጓንጉል ቤት አበልጅ ናቸው። አበልጅነት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከሥጋ ዘመድ ይከብዳል። በዚያ አገር አበልጅ አበልጁን በሰው ፊት አያሳፍርም። ወግ ነው።

ማንጠግቦሽ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነው። በበጋ አንድ ሰው ልብሱን ሰብስቦ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ዝንጀሮ ውሃ ይሞላል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ማዶና ማዶ ሆኖ በእጅ ምልክት ብቻ ሰላም መባባል ነው። በየዓመቱ ደግሞ ሲሻገር ውሃ የሚወስደው ሰው አይጠፋም ነበር።

እናም ሽማግሎች ተሰብስበው ድልድይ እንዲሠራ ቆረጡ። ወንዙ ከፏፏቴው በላይ በሁለት ቋጥኝ መካከል ይጠባል። እዚያ ላይ ሦስት ግንድ ጎን ለጎን ተጋድሞ በጠፍር ይታሰራል። ሥራው ለአያ ቢያድግልኝ ተሰጠ። አያ ቢያድግልኝም ጆሮው እያለ ዓይኑ እንደማያግደው ነገራቸውና ተቀበለ። በልቡ የሚያስበው ልጁን ነው።

አንደኛው ግንድ ወይራ ነበር። በአገሩ የቀረው ረጅም ወይራ እሱ ብቻ ነው። አያ ቢያድግልኝ አንኳኳው። ቃ አለ። በወንዙ ምንጭ በኩል ተጋደመ።

ሁለተኛው ግንድ ጥድ ነበር። ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፈቀዱ። አንኳኳው። ቆ አለ። መካከል ላይ ተጋደመ።

ሦስተኛው ጠፋ። ሽማግሎቹ ጥቁር እንጨት ይምጣ አሉ። ጥቁር እንጨት የዛፍ ስም ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል። ነገር ግን የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ተሂዶ፣ ጥቅጥቅ ካለው ደን ነው የሚገኘው። ከመንደሩ ሰው አብዛኛው ስሙን እንጂ እንጨቱን አያውቅም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ከዘለልሁት ተረቱ ይበላሻል። ጥቁር እንጨት የሚባለው ልጡ ስለሚጠቁር ነው። ልጡ ሲላጥና እንጨቱ ሲጠረብ ልቡ ቀይ ነው። ይህን የሚያውቁት አብዛኞቹ ሞተው ነበር። ከቀሩት አንዱ አያ ቢያድግልኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀለም አያይም።

ግንዱን ለሚያመጣ ሰው መንደሩ አንዲት በቅሎ ሊሰጥ ቃል ገባ። ጓንጉልም እኔ አመጣለሁ ብሎ ተነሣ። ጓንጉል ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው።

መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያውን ዳገት ወጣና ደከመው። ሁለተኛውን ዳገት አየውና ደከመው። ሦስተኛውን አሰበውና ደከመው። የተቀመጠበት ጥላ የቆርች ጥላ ነበር። ቀና ብሎ ግንዱን ተመለከተ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቅርብ ነው።

ቆርቹን በአንድ ጠዋት ጣለው፤ ልጡንም ከነእሾሁ ላጠው። እንዲከብድ ሦስት ሳምንት ረግረግ ውስጥ አስተኛው። ጥፍር እንዳይገባው ላዩን በእሳት ጠበሰው። ከዚያም ጥቀርሻ በኑግ ዘይት ለውሶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባው። አመልማሎ የመሰለው ነጭ እንጨት የድስት ቂጥ መሰለ።

በበሬ አስጎትቶ ወንዙ ዳር ሲደርስ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀው። እሱም ፊቱ፣ እጁ፣ ልብሱ ጠቁሮ ነበር። አንዱ ግንዱ የትኛው ነው፣ ጓንጉልስ የትኛው ነው ብሎ አሳቃቸው። ጓንጉልም ከጥቁር እንጨት ጋር ወር ያህል ያደረ ሰው ምን ሊሆን ኖሯል አለና ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ።

የሽማግሎቹ አለቃ አባ ዘርጋው ማልልን አሉት።

ጓንጉል እጁን ግንዱ ላይ ጫነ። «ይህ ያመጣሁላችሁ ጥቁር እንጨት ካልሆነ ይህ እጄ ይድረቅ» አለ።

ልጆች፣ ዋሸ? ግንዱ እንጨት ነው። ጥቁር ነው። ሰዎቹ የዛፉን ስም ሰሙ፤ እሱ የማለው በቀለሙ ነው።

ሰው በዓይኑ አየ፤ ጥቁር ነው። ሊያነሡት ሞከሩ፤ ከባድ ነው። በጥፍራቸው ጫሩት፤ አይገባም። አባ ዘርጋው ግን ጠንቃቃ ሰው ነበሩና «አያ ቢያድግልኝ፣ አንኳኩና ንገሩን» አሉ።

አያ ቢያድግልኝ በበትሩ ራስ አንኳኳ። ዱፍ አለ።

የተሳሳተ መሰለው። እንደገና አንኳኳ። ዱፍ አለ።

ወደ መካከሉ ተጠግቶ ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኳ። ዱፍ።

ሌላው ሰው ድምፅ ሰማ እንጂ ምንም አልሰማም። ጆሮው አልተማረም። ሁሉም የአያ ቢያድግልኝን አፍ ይጠብቃል። ጓንጉል ተቅበጠበጠ።

በዚህ መካከል ይርገዱ ጠላ በዋንጫ ይዛ መጣች። በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «አበልጄ፣ ጉሮሮዎን ያርጥቡ። ዛሬ ቤታችን የተከበረበት ቀን ነው» አለችው። ድምጿ ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

አያ ቢያድግልኝ ዋንጫውን ተቀበለ። ልጁን ያዘለችው ጀርባ ትዝ አለው። አሁን ባሏን በመንደር ፊት ሌባ ቢለው የሚያፍረው ማን ነው? እሷ ናት። እንዴትስ ብሎ? ጠላዋን በእጁ ይዞ?

ጠጣ። አፉን ጠረገ። ከዚያም «ይሆናል» አለ።

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ይሆናል ማለት ይበቃል፣ ያገለግላል ማለት ነው። ይሆናል ማለት ደግሞ ምናልባት፣ እንጃ ማለት ነው። አያ ቢያድግልኝ በሆዱ እንጃ አለ። ሕዝቡ ያገለግላል ሲል ሰማው። እልልታው ቀለጠ። ግንዱ በፏፏቴው በኩል ተጋደመ፣ ጠፍሩም ታሰረ። ጓንጉል በቅሎውን ተቀበለ።

ያ በኅዳር ነው። በጋው ሁሉ ሰው እየተመላለሰ ተሻገረበት። ምንም አልሆነም። አያ ቢያድግልኝም ጆሮዬ አርጅቶ ይሆናል እያለ ራሱን ያጽናና ጀመር። ግን እንቅልፉ እንደ ድሮው አልነበረም።

በሚያዝያ አንድ ቀን ጓንጉል በቅሎውን ጭኖ ወደ ማዶ ሊሻገር መጣ። በሰው ፊት እንጂ ለብቻው ቢሆን በድልድዩ አያልፍም ነበር፤ ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም። ዕለቱ ግን የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ያያል። በቅሎዋ አንድ ኮቴዋን በፏፏቴው በኩል ያለው ግንድ ላይ አሳረፈች። ዱፍ አለ። ኮቴዋን አነሳችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቢገፏት፣ ቢጎትቷት፣ ቢለማመጧት እምቢ አለች። ገበያተኛው ሳቀ። ጓንጉልም በቅሎዬ ከፍ ያለ ቦታ ያዞራታል ብሎ አብሮ ሳቀና ወደ ታች፣ ወደ መሻገሪያው ወረደ።

አያ ቢያድግልኝ እዚያው ነበር። ኮቴውን ሰምቷል። ዛሬ እናገራለሁ ብሎ ጓንጉልን በድምፁ ተከትሎ ደረሰበት።

«አበልጄ» አለው።

ጓንጉል የሚመጣውን ያወቀው ይመስለኛል። ቶሎ ብሎ ቀደመው። «አበልጄ፣ አልሰሙም እንዴ? ማንጠግቦሽ ፀንሳለች። ይርገዱ ደስታው ሊገድላት ነው። በመስከረም ራሷ ሄዳ ልታመጣት፣ ቤታችን ልታርሳት አስባለች» አለ።

አያ ቢያድግልኝ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙት። ሊናገር የመጣውን ዋጠና መረቀ።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ድልድዩን ሌት ተቀን ቀጠቀጠው። አያ ቢያድግልኝ አንድ ቀን ዝናብ ሲያባራ ወርዶ ድልድዩ አፍ ላይ ተቀመጠ። ከፏፏቴው በኩል ግንደ ቆርቁር የምትባለው ወፍ ግንዱን ስትቆረቁር ሰማት። ወይራውን አትነካም። ጥዱን አትነካም። ሦስተኛውን ብቻ ትቆረቁራለች።

«ምን አገኘሽበት?» አላት።

«ትል» አለችው። «ይህ ግንድ ውስጡ ለቋል። አንተም እኮ እንደ እኔ እንጨት ታንኳኳለህ፣ አያ ቢያድግልኝ። እኔ ያገኘሁትን አወጣለሁ። አንተ ያገኘኸውን ትውጣለህ። ልዩነታችን ይህ ነው።»

በዚያ ዘመን ወፍ ትናገር ነበር ይባላል። ወይም የተናገረው የሽማግሌው ልብ ይሆናል። እኔ እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ።

መስከረም ጠባ። አደይ አበባ ወጣ፤ ወንዙ ግን ገና አልጎደለም ነበር። ጓንጉል በቅሎውን ጭኖ ሩቅ አገር ሰርግ ሄዷል። ለሚስቱ ስለ ግንዱ አንድ ቀንም አልነገራትም። አያ ቢያድግልኝ በማለዳ በትሩን ይዞ ወደ ይርገዱ ቤት ሄደ። በዚህ ቀን መናገር አለብኝ ብሎ ማለ። በመንገድ ላይ ቃሉን እየደጋገመ ሄደ፤ ሦስተኛው ግንድ ቆርች ነው፣ ሦስተኛው ግንድ ቆርች ነው።

ይርገዱ ቅቤና ቆሎ ቋጥራ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ በሩ ላይ አገኘችው።

«አበልጄ፣ ስለ ድልድዩ የምነግርዎት ነገር አለኝ» አላት።

«እኔም የምነግርዎት አለኝ» አለችው። «ያ ድልድይ ባይኖር ልጄ በመጀመሪያ ምጧ ማዶ ቀርታ እኔ እዚህ ባበድሁ ነበር። ደግሞ ልንገርዎት፣ ለሰው ብዬው አላውቅም። ሰው ሁሉ ጓንጉልን ሰነፍ ሲል ሃያ ዓመት አንገቴን ደፍቼ ኖሬያለሁ። ያን ግንድ ካመጣ ወዲህ ገበያ መካከል ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ምን ሊነግሩኝ ነበር?»

አያ ቢያድግልኝ በመንገድ ሲደጋግመው የመጣውን ቃል አልተናገረም። ቀና ብላ የምትሄድን ሴት አንገት እንደገና ማስደፋት አልሆነለትም። ልጄን ይዛ በሰላም ትመለስና ከዚያ ለሽማግሎቹ ለብቻቸው እናገራለሁ አለ በልቡ።

«ሲሻገሩ በምንጩ በኩል ይራመዱ» አላት።

«ለምን?»

«ወይራው እዚያ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውም... ይሆናል» አለ።

ይርገዱ ሳቀች። ዓይን ያላት እሷ፣ መንገድ የሚያሳያት እሱ መሆኑ አሳቃት። እሺ ብላ እጁን ስማ ወጣች።

አያ ቢያድግልኝ ድልድዩ አፍ ድረስ ተከተላት። ቁጭ ብሎ ስትሻገር አዳመጠ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። እንዳላት በወይራው ላይ ሄደች። ተመስገን አለ። እዚያው ተቀምጦ ጠበቃት። ፀሐይ አናቱ ላይ ወጣች፣ ከአናቱ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ወደ ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ማጓራት ጀመረ።

ከዚያ የሴቶች ድምፅ ከማዶ ሰማ። አንደኛው የልጁ ነው። ድልድዩ ላይ ወጡ።

አዳመጠ። በምንጩ በኩል ቃ አለ። ከባድ እርምጃ ነው፤ የነፍሰ ጡር እርምጃ። ከጎኗ፣ በፏፏቴው በኩል፣ ዱፍ አለ።

ቃ። ዱፍ። ቃ። ዱፍ።

አያ ቢያድግልኝ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። አሥር ወር የዋጠውን ያን ጊዜ ጮኸው። «አበልጄ፣ ወደ ልጅቱ ይጠጉ፤ የረገጡት ቆርች ነው፤ ቆርች ነው» አለ። ወንዙ ግን ከእሱ በላይ ይጮህ ነበር።

ልጆች፣ ጠንካራ እንጨት ሲሰበር አስቀድሞ ይጮኻል። ይንቋቋል፣ ሰውም ሰምቶ ይሸሻል። ቆርች ግን ዝም ብሎ ነው የሚሰበረው። ሽማግሌው ዱፍ የሚለውን ይጠብቅ ነበር። አልመጣም። ቃ የሚለውም ቆመ። ከዚያ የልጁን ጩኸት ሰማ።

ማንጠግቦሽ ወይራውን አቅፋ ቀረች። ወንዶች ደርሰው ጎትተው አወጧት። ይርገዱን ፏፏቴው ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ወንዙ ከሚሰፋበት አሸዋ ላይ አገኟት። አዲሱ ነጠላ አልነበረም።

ማንጠግቦሽ ለአባቷ የነገረችው ይህን ነው። ድልድዩ ላይ ሲወጡ ይርገዱ ፊት ፊት በወይራው ላይ ሄደች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ከዚያም ክንዷን ይዛ ወደ ወይራው ሳበቻትና ራሷ ከፏፏቴው ልትከልላት ወደ ዳሩ ግንድ አለፈች። «አባትሽ በዚህ በኩል ሂዱ ብሎኛል። አንቺ ሁለት ነፍስ ነሽ፣ አንቺ ሂጂበት» አለቻት።

አያ ቢያድግልኝ ይህን ሲሰማ አላለቀሰም። በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ቀኑን ሙሉ አላነሳውም።

ለቅሶው ላይ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ጓንጉል ደረቱን እየደቃ መጣ። አያ ቢያድግልኝ ተነሥቶ የተሰበረውን ግንድ አምጡልኝ አላቸው። ግማሹ ቋጥኙ ላይ ቀርቶ ነበርና ጎትተው አመጡለት። በበትሩ አንኳኳው። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ነበርና ያን ቀን ሁሉም ሰማው።

ዱፍ።

«ፍለጡት» አለ።

ፈለጡት። ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ተከፈለ። ትሉ ረገፈ።

ሰው ሁሉ ወደ ጓንጉል ዞረ። ጓንጉል «እኔ ጥቁር እንጨት ብዬ ነው የማልሁት። ጥቁር ነው» ብሎ ጀመረ። ከዚያ እጁን ተመለከተ። አልደረቀም ነበር። ቢደርቅ ይሻለው ነበር መሰለኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

አያ ቢያድግልኝ ግን አላበቃም። «እሱን ብቻ አትዩት» አለ። «እሱ በአንዲት ቃል አታለላችሁ፤ እኔ በአንዲት ቃል ዋሸኋችሁ። አንኳኩ ያላችሁኝ ቀን ሰምቻለሁ። ቆርች መሆኑን አውቄ ይሆናል አልኋችሁ። ይርገዱን ላላሳፍር ብዬ ነው። ይኸው አላሳፈርኋትም።»



ሽማግሎቹ ፈረዱ። ጓንጉል በቅሎዋን ይመልስ፣ ደኑ ድረስ በእግሩ ይሂድ፣ እውነተኛውን ግንድ ማንም ሳያግዘው ያምጣ አሉ። ጓንጉል ሄደ። የመጀመሪያውን ዳገት ወጣ፣ ሁለተኛውን ወጣ፣ ሦስተኛውን ወጣ። በአርባኛው ቀን መዳፉ ተልጦ፣ በሬዎቹ ከስተው፣ ግንዱን ይዞ መጣ። ወንዙ ዳር ልጡን ላጠው፣ በመጥረቢያም ጠረበው። ከጥቁሩ ልጥ ሥር ቀዩ ልብ ወጣ።

ጓንጉል መጥረቢያውን ጥሎ እዚያው ተቀመጠ። «ለካ ቀይ ነው» አለ። ያን ያህል ዘመን እንጨት ሲቆርጥ ኖሮ እሱም አያውቅም ነበር። ግንዱን ለማየት ከማንም ቀድማ የምትጣደፍ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ደግሞ የለችም።

አያ ቢያድግልኝ አንኳኳው። ቃ አለ። በፏፏቴው በኩል አጋደሙት።

ለአያ ቢያድግልኝስ ምን ፈረዱ ትሉኛላችሁ። እሱ ራሱ ፍረዱብኝ ብሎ ለመናቸው። አባ ዘርጋው አንቱ ላይ የምንጨምረው የለንም፣ ጆሮዎ ይበቃዎታል አሉት። እውነትም በቃው። ከዚያ ወዲያ በእግሩ የሚመጣ ሰው ሁሉ ለእሱ ቃ እና ዱፍ ነበር።

ማንጠግቦሽ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ስትል፣ ሐዘን ላይ ስለተወለደች ማስረሻ እንበላት አሉ። ወጉ እንዲያ ነው። አያ ቢያድግልኝ ግን እምቢ አለ። እኔ መርሳት አልተፈቀደልኝም አለና ስሟን ትታወስ አላት። ትታወስ እየተባለች አደገች። አያቷም እንጨት ማንኳኳት አስተማራት፤ እናቷን ካስተማራት ላይ አንድ ነገር ጨመረበት። አንኳክታ የሰማችውን ጮክ ብላ እንድትናገር ያደርጋት ነበር። «ዱፍ አለ» ትላለች። «ለማን?» ይላታል። «ለሁሉም፣ አባባ» ትላለች።

እንግዲህ ልጆች፣ ጠንካራውን እንጨት ከለስላሳው መለየት ትምህርት ነው፤ ማንም በትዕግሥት ይማረዋል። ለይቶ ዝም ማለት ግን አለመለየት ነው። አያ ቢያድግልኝ ግማሹን ነገር ነገራት፤ ግማሹን ሰው አዳነ። ጓንጉልን አትሁኑ ብዬ አልመክራችሁም፤ እሱን መሆን እንደማትፈልጉ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። እኔ የምፈራላችሁ አያ ቢያድግልኝን እንዳትሆኑ ነው። እሱን መሆን ቀላል ነው፤ ደግ ሰው ነበርና።

ተረቴን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ተነሡና ወደየቤታችሁ ሂዱ። ስትገቡ የቤታችሁን ምሰሶ አንኳኩት። ዱፍ ካለ፣ ያቆመው አጎታችሁም ቢሆን፣ ያመጣው አበልጃችሁም ቢሆን፣ ጠላ በእጃችሁ ይዛችሁም ቢሆን፣ ዱፍ አለ በሉ።